«ቫይረስ ያው ቫይረስ ነው» ላሉን ጸሐፊ

በካንሰር ለተዳከመ ሰው ቫይረስ መውጋት በእሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው የሚለውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው ጉንፋን አምጪው አዴኖቫይረስ እንዳለ ለበሽተኛ የሚሰጥ አስመስለው አቅርበዋል። ስህተት ነው።

የፕሮስቴት ካንሰርን በአዴኖቫይረስ ለማከም የሞከሩት ተመራማሪዎች ቫይረሱ እንዲራባ የሚያዘውን ዘረመል ፒኤስኤ የተባለውን ፕሮቲን በሚያስመርተው ማብሪያ ሥር አስገቡት። ይህን ፕሮቲን በብዛት የሚያመርተው ፕሮስቴት ነው። ስለዚህ ቫይረሱ እዚያ ይራባል፣ ሴሉን ያፈነዳል፣ ወደ ጎረቤቱም ይሻገራል፤ ሌላ ቦታ ግን አቅሙ እጅግ ይደክማል። የሆርሞን ሕክምና የማይበግረው ካንሰርም አብዛኛውን ጊዜ ፒኤስኤ ማምረቱን አይተውም፤ ሐኪሙስ ማገርሸቱን የሚያውቀው በዚሁ አይደል?

እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ የታተመው የዚህ ቫይረስ የአሜሪካ ሙከራ ከጨረር ሕክምና በኋላ ካንሰሩ ባገረሸባቸው 20 ወንዶች ላይ የተደረገ ነበር። ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳት አልታየም። ከፍተኛ መጠን ከወሰዱት መካከል የአምስቱ ፒኤስኤ በግማሽና ከዚያ በላይ ወረደ።

ፈውስ ተገኘ አልልም። የሰውነት መከላከያ ቫይረሱን ያሳድደዋል፤ አጥንት ውስጥ የተሰራጨውን ካንሰር ማግኘትም ከባድ ነው። ጸሐፊው ይህን ቢሞግቱ ኖሮ አብሬያቸው በቆምኩ። እርሳቸው ግን ያስፈራሩት ተስፋ የሚፈልግ በሽተኛን ነው። አሜሪካ እኮ ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ካንሰር እንዲህ ያለውን ቫይረስ በመድኃኒትነት የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።