የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ድኝን የሚይዝ ኖራ

ጋሌና የሚባለው የእርሳስ ማዕድን እንደ ተወለወለ ብረት ያብረቀርቃል፤ ከክብደቱ 86.6 በመቶው እርሳስ፣ የቀረው ድኝ ነው። በተለመደው አሠራር ማዕድኑ አየር እየተነፋበት ይቆላል፤ ድኙም ጉሮሮ የሚከረክር ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ከሰል ብቻውን ድኙን ከእርሳሱ ማላቀቅ ያቅተዋል፤ ካርቦን የሚወደው ኦክስጅንን እንጂ ድኝን አይደለምና። የተቃጠለ ኖራ ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይለወጣል፦ የኖራው ካልሲየም ድኙን ይይዛል፣ ኦክስጅኑን ከሰሉ ወስዶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፣ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጠው እርሳስም ከምድጃው ሥር ይጠራቀማል።

ድኙ አየር ላይ አልወጣም ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ካልሲየም ሰልፋይድ ሆኖ ከዝቃጩ ጋር ይቀራል፤ እርጥበት ካገኘውም የተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ይለቃል። የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ የሚከታተለው ይህንኑ ድኝ ነው፤ ከምድጃው እስከ ዝቃጩ ክምር።