የሕፃኑ ክንድና የሦስት ወር ቀጠሮ

ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት ጤና በሚነገርበት ጊዜ ሁሉ በመጀመሪያ የሚነሣው የሞት ቁጥር ነው። ይህም ተገቢ መሆኑን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች እየበዙ ሲሄዱ፥ ከሞት የተረፈው ሕፃን እንዴት ያለ አካል ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል የሚለው ጥያቄም ተራው ደርሶ ይመጣል። በአገራችን በተደረጉት የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች መሠረት፥ እ. ኤ. አ. በ2011 በጤና ተቋም ተወለዱ የተባሉት ሕፃናት ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። በ2016 ከመቶ 26፥ በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ደርሰዋል። እንግዲህ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ሕፃን በባለሙያ ዓይን ፊት ይወለዳል ማለት ነው። እኛም ይህ ዓይን ሊያየው ስለሚገባው አንድ ጉዳይ፥ ይኸውም በወሊድ ጊዜ የክንዱ ነርቭ ስለ ተጎዳ ሕፃን ለመጻፍ አስበናል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከአንገት አጥንቶች መካከልና ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚወጡ አምስት ነርቮች በትከሻና በብብት በኩል አልፈው ለክንድ፥ ለእጅና ለጣቶች ትእዛዝና ስሜት ያደርሳሉ። የሕፃኑ ራስ ከወጣ በኋላ ትከሻው በእናቲቱ የዳሌ አጥንት ተይዞ ሲቀር፥ ወይም ሕፃኑ በመቀመጫው ሲመጣ፥ አንገትና ትከሻ እየተራራቁ ነርቮቹ ይለጠጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ይበጠሳሉ፤ የባሰ እንደ ሆነም ከኅብለ ሰረሰሩ ይነቀላሉ። ያን ጊዜ ክንዱ ከጎን ተንጠልጥሎ፥ ወደ ውስጥ ዞሮ፥ ክርኑ ሳይታጠፍ ይቀራል። በሌላው ዓለም በተደረገው ቆጠራ ይህ ጉዳት የሚደርሰው ከ1000 ሕፃናት በ1 ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ባለ ቁጥር ላይ ነው። በአገራችን በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። ሒሳቡ እኛ ያወጣነው ግምት እንጂ ቆጠራ ባይሆንም፥ በዚሁ መጠን ቢታሰብ በዓመት ከ3000 የማያንሱ ልጆች መሆናቸው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1872፥ ጀርመናዊው ኤርብ በ1874 ስለዚሁ የክንድ መስነፍ በየበኩላቸው ጽፈዋል። ከእነርሱም በፊት በ1859 በበርሊን ከተማ በመቀመጫው የተወለደ አንድ ልዑል ነበር፤ እርሱም በኋላ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት የሆነው ዳግማዊ ቪልሄልም ነው። ግራ ክንዱ እንደማይንቀሳቀስ የታወቀው ከተወለደ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ነበር። ሐኪሞቹ ያልሞከሩበት ነገር አልነበረም። የሕፃኑን ክንድ ገና በታረደ ጥንቸል ሥጋ ውስጥ ይነክሩት ነበር፤ ኤሌክትሪክ አስነኩት፤ ደካማው ክንድ በግድ እንዲሠራ ሲሉ ደኅነኛውን አሰሩት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ግራ ክንዱ ከቀኙ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥሮ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱም ፎቶግራፍ በተነሣ ቁጥር ያንን እጅ ጓንት እያስያዘ ወይም በሰይፍ እጀታ ላይ እያሳረፈ ሲሸሽገው ኖረ። ቤተ መንግሥቱ የጎደለው ገንዘብ አልነበረም፤ በዚያን ዘመን ዕውቀቱ ገና አልተገኘም ነበር።

ዛሬ ዕውቀቱ አለ። የጎደለው ጊዜ ነው፤ ወይም በትክክል ለመናገር፥ ጊዜውን የሚቆጥር ሰው ነው።

የተጎዳ ነርቭ እንደገና የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ትእዛዝ ያጣ ጡንቻ በበኩሉ እየመነመነ ይሄዳል፤ ከአንድ ዓመት ወይም ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነርቭ ቢደርሰውም እምብዛም አይመልስም። በ1980ዎቹ በፓሪስ የነበሩት ሐኪም አላን ዢልቤርና ባልደረቦቻቸው፥ ሕፃኑ ሦስት ወር ሞልቶት ክርኑን ማጠፍ ካልጀመረ የነርቭ ቀዶ ጥገና ሊታሰብለት ይገባል የሚል መለኪያ አወጡ። ሌሎች ሐኪሞች እስከ ስድስት ወር ወይም ከዚያም በላይ መጠበቅ ይቻላል ይላሉ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ሆኖም የሚከራከሩት ስለ ቀዶ ጥገናው ቀን ነው እንጂ፥ ሕፃኑ ሦስት ወር ሳይሞላው በዐዋቂ ሐኪም ይታይ በሚለው ላይ አይደለም። እጁና ጣቶቹ ጭምር ያልተንቀሳቀሱለት፥ ወይም በዚያው በኩል ያለው የዓይኑ ቆብ የወረደበት ሕፃንማ ጉዳቱ የከፋ ስለ ሆነ ሦስት ወር ሳይጠብቅ ፈጥኖ መላክ አለበት።

እዚህ ላይ ነው «ግድ የለም፥ ይለቀዋል» የሚለው ማጽናኛ ችግር የሚያመጣው። እርግጥ ነው፥ አብዛኞቹ ሕፃናት ያለ ቀዶ ጥገና ይሻላቸዋል፤ ብዙዎቹም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። ነገር ግን ከመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ጉድለት እንደሚቀርባቸው በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ማጽናኛው ለብዙዎቹ እውነት ሆኖ ሳለ ለቀሩት ጊዜያቸውን ይበላባቸዋል። እናቲቱም በሰባተኛው ወር ተመልሳ ስትመጣ «ምነው ቀደም ብለሽ ባመጣሽው ኖሮ» ትባላለች። ጠብቂ ያላት ያው የጤና ተቋም ነው።

ወደ ወጌሻ መሄድም የተለመደ ነው። ወጌሻው በአጥንት ወለምታ ያለውን ልምድ አንነቅፍም፤ ይሁን እንጂ ይህ የነርቭ ጉዳት ስለ ሆነ በማሸትና አጥብቆ በማሰር የሚመለስ አይደለም። እንዲያውም ከነርቩ ጋር የማጅራት ፊት አጥንት፥ ማለትም የትከሻ ማቀፊያው አጥንት፥ ተሰብሮ ሊገኝ ስለሚችል፥ ማንም ሰው ክንዱን ከመንካቱ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ግን ትልቁ ሥራ የሚሠራው በቤት ውስጥ ነው። መገጣጠሚያዎቹ እንዳይደርቁ ትከሻውንም ክርኑንም በቀስታ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በተለይ ክርኑን ከጎኑ ጋር አስጠግቶ ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ዋናው ነው፤ ይህን እናቲቱ ጨርቅ በለወጠች ቁጥር ጥቂት ጥቂት ጊዜ ብታደርገው አይከብዳትም። ልብስ ሲለብስ የተጎዳው ክንድ አስቀድሞ ይገባል፤ ሲያወልቅ መጨረሻ ይወጣል። በብብቱ ወይም በእጁ ስቦ ማንሣት አይገባም። በሚታዘልበትም ጊዜ ክንዱ ከአንቀልባው ወጥቶ እንዳይንጠለጠል፥ ከሥሩም ተጣጥፎ እንዳይጫነው ማየት ነው። ሕፃኑ ያንን እጅ እንዳይረሳው መዳሰስና መጫወቻ ማስነካት እንደሚጠቅም ባለሙያዎቹ ይመክራሉ። ሙያው በአገራችንም እየተማሩት ያለ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል።

ጥፋቱ የማን ነው ለሚል ሰው አጭር መልስ አለን። ከተጎዱት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ አስቀድሞ የሚያስጠረጥር ምልክት አልታየባቸውም። የሕፃኑ ክብደትና የእናቲቱ የስኳር በሽታ አደጋውን ከፍ ቢያደርጉም፥ እናቲቱን ለመውቀስ የሚያበቁ አይደሉም። አዋላጆችን በተደጋጋሚ ማለማመድ ግን ፍሬ እንዳለው ታይቷል። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የሚገኘው የሳውዝሚድ ሆስፒታል፥ ትከሻ ሲያዝ የእናቲቱን ጉልበቶች ወደ ሆዷ አጥፎ ማንሣትንና ሌሎቹንም ዘዴዎች ለሠራተኞቹ ሁሉ በየዓመቱ ሲያስለምድ ቆይቶ፥ ከ12 ዓመት በኋላ በተደረገው ምርመራ ትከሻቸው ተይዞ ከተወለዱት ሕፃናት መካከል ዘላቂ የክንድ ጉዳት ያገኘው እንዳልነበረ በ2016 ታትሟል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በአገራችን የክትባት ሥርዓት ሕፃኑ በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለመርፌ ይቀርባል። 14ኛው ሳምንት 98 ቀን ነው፤ ሐኪሞቹ የሚቆጥሩት ሦስት ወር ማለት ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና በምትነሣበት ቤትም የቀኑ ቁጥር ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሕፃኑ ራሱ በእናቱ ጀርባ ሆኖ በተፈላጊው ቀን ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ይደርሳል፤ ፈልጉት የሚያሰኝ ነገር የለም። በበኩላችን የምንጠይቀው፥ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ሁለቱም ክርኖች ሲታጠፉ እንዲታዩና ውጤቱ በክትባቱ ካርድ ላይ በአንድ መስመር እንዲጻፍ ነው። በ6ኛው ሳምንት ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ ያን ጊዜውኑ የሪፈር ወረቀት ቢጻፍለት፥ መንገዱና ወረፋው ተጨምሮበት እንኳ ሦስት ወር ሳይሞላው ከሐኪሙ ፊት ይደርሳል።

ወረቀቱንም ስለሚጽፉትና ስለሚቀበሉት ወጣት ባልደረቦቻችን አንድ ነገር እንጨምር። «ክንዱ ደክሟል» ብሎ ማተም አይበቃም። የተወለደበት ቀን፥ ክርኑን ማጠፍ መጀመሩ ወይም አለመጀመሩ፥ ጣቶቹ መንቀሳቀሳቸው፥ የዓይኑ ቆብ ሁኔታ ይጻፍ። በሆስፒታሉ በር ቀጠሮ የሚሰጠው ጸሐፊም ወረቀቱ የመጣበትን ተራ ሳይሆን የሕፃኑን የልደት ቀን ተመልክቶ ቀን ይቁረጥለት።