ልጁን ከበር ላይ ብታነሱት በሩ ይዘጋል እንዴ?

«ልጁን አውጡልን!»

ይህን ጩኸት አርባ ምንጭ ውስጥ ስንቴ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሲቀላ ሻይ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ ዳገቱን ወጥቼ ሴቻም ሰምቼዋለሁ። አርባ ምንጭ ከተማ በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ ሰማሁት። በ2014 ተመልሶ በ2015 ዳግመኛ ሲወርድም ሰማሁት። የልጁ ስም ይለዋወጣል፤ ጩኸቱ ግን ያው ነው። ቡድኑ ሁለት ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ ማለት ነው፤ አንድ ወጣት በረኛ አንዲት ኳስ አመለጠችው ማለት ነው፤ በቃ! «ልምድ ያለው በረኛ ይምጣ፣ ይህ ሕፃን ይውጣ» ይባላል።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጸሐፊ በጉዳዩ ላይ ገለልተኛ ነኝ ብሎ አይዋሽም። እኔ ራሴ በኮሌጅ ዘመኔ በረኛ ነበርኩ፤ ያውም ተጠባባቂ። አንድ ቀን ዋናው በረኛ ታመመና ገባሁ። በ20ኛው ደቂቃ ላይ በዝግታ የምትንከባለል ኳስ በእግሮቼ መሐል ሾልካ ገባች። አሰልጣኛችን እረፍት ላይ ምንም ሳይናገር ጓንቱን ከእጄ ተቀብሎ ለአንድ ተከላካይ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ቆሜ አላውቅም። በእውነቱ ጥሩ በረኛ እወጣ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ግን ማንም ሊያውቀው አልቻለም። እኔም ጭምር!

ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ቡድኑ ሲንገዳገድ በነበረበት አንድ ሰሞን ሲቀላ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ጋር ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። ሰውየው ኳስ ያውቃሉ። ፋብሪካው የራሱ ቡድን በነበረው ጊዜ አንድም ጨዋታ አምልጧቸው እንደማያውቅ ይናገራሉ። ደጉ ደበበን በልጅነቱ አይተውታል።

«ጋሼ፣ ልጁ ይቆይ ወይስ ይውጣ ይላሉ?» አልኳቸው።

«ይውጣ እንጂ! ምን ጥያቄ አለው?»

እኔ ደግሞ እሳቸውን እንኳ ከእኔ ወገን አድርጌ ነበር የቆጠርኳቸው። ምክንያታቸውን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ቡድኑ ከወረደ ልጁስ የት ሊጫወት ነው? አብሮ ይወርዳል። ስሙ ‹ያወረደን በረኛ› ሆኖ ይቀራል። እኔ ለልጁ አዝኜ ነው ይውጣ የምልህ» አሉኝ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ«ልጁ ይቆይ» ወገን ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ ለዚህ መልስ የለንም። ወጣት ይበረታታ፣ ተተኪ ይፈራ እያልን እንደ ስብሰባ መፈክር እንደጋግማለን። በረኛ ግን እንደ አጥቂ አይደለም። አጥቂ አምስት ኳስ ስቶ ስድስተኛዋን ካገባ ጀግና ነው። በረኛ አምስት አድኖ ስድስተኛዋ ካመለጠችው ሕዝቡ ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደው ስድስተኛዋን ነው። 19 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ይህን ተሸከም ማለት ጭካኔም ሊሆን ይችላል። ጋሼ ያሉት እውነት አለው።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ልጁን ስናወጣ በምትኩ የምናስገባው ማንን ነው? «ልምድ ያለው» የሚባለው በረኛስ ልምዱን ያገኘው ከየት ነው? ከሰማይ አልወረደለትም። አንድ ሌላ ቡድን ታግሶት፣ የእሱን ስህተት በነጥብ ከፍሎለት ነው። እኛ ሌላው የከፈለበትን በፊርማ ገንዘብ እንገዛለን፤ የራሳችንን ልጅ ግን አንከፍልለትም። በ2011 ክረምት የተጫዋች ደመወዝ ከ50 ሺሕ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጀለት ተብሎ ነበር። ጣሪያው ምን ያህል እንደሚያፈስ የስፖርት ቤተሰቡ ሁሉ ሲያወራው የኖረ ነው! ገንዘቡ ደግሞ የማነው? የከተማው ሕዝብ ነው። ቧንቧው ውኃ ሲያጣ፣ መንገዱ ሲቦረቦር «በጀት የለም» የሚባለው ሕዝብ ማለቴ ነው።

አገር ደረጃ ላይ ይህ ልማድ ምን እንዳስከተለ በጥር 2005 አይተናል። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን፣ ደቡብ አፍሪካ ገባን፣ አገሩ ሁሉ ጨፈረ። ከዛምቢያ ጋር ባደረግነው በመጀመሪያው ጨዋታ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ከናይጄሪያ ጋር ባደረግነው በመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ። ቅያሪ አልቆ ስለነበር የመሀል ሜዳ ተጫዋቹ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ ለፍጹም ቅጣት ምት ቆመ! ይህ ዕድል ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ቀይ ካርዱ አዎ ዕድል ነው። ነገር ግን ክለቦቻችን በር ላይ የራሳቸውን ልጅ ማመን ካቆሙ ቆይተዋል። ትልቁ ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ ከኡጋንዳው ሮበርት ኦዶንካራ ወደ ኬንያው ፓትሪክ ማታሲ፣ ከማታሲ ወደ ኡጋንዳው ቻርልስ ሉክዋጎ ሲሸጋገር ነው ያየነው። ሦስቱም ጥሩ በረኞች ናቸው፤ እነሱን የሚነካ ቃል የለኝም። በእነሱ ጊዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያረጀውን ያገራችንን ልጅ ግን ማን ያስታውሰዋል?

ጋሼ የሚወዱት ደጉ ደበበስ? አርባ ምንጭ የተወለደ፣ በጨርቃ ጨርቅ ቡድን ያደገ፣ ከዚያ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄዶ በዚያው በ2005 የአፍሪካ ዋንጫ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል የነበረ ተከላካይ ነው። አርባ ምንጭ ልጁን አሳየን ብላ ትኮራለች፤ ይገባታልም። እኔ ግን ጋሼን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «ደጉ በልጅነቱ ተሳስቶ አያውቅም?» አልኳቸው። ሳቁ። «ስንቴ!» አሉ። «ታዲያ ያኔ ‹አውጡት› ብለው ነበር?» ሻያቸውን አማሰሉ እንጂ መልስ አልሰጡኝም።

ፈረንጆቹም ይህን ጣጣ ያውቁታል። በእነሱ አቆጣጠር በ2015 ኤሲ ሚላን ተዳክሞ ነበር፤ በቀደመው የውድድር ዘመን 10ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። አሰልጣኙ ሲኒሻ ሚሃይሎቪች ስፔናዊውን አንጋፋ ዲያጎ ሎፔዝን አስቀምጦ ገና 16 ዓመቱ የሆነውን ጃንሉዊጂ ዶናሩማን አስገባ። ልጁ በመጀመሪያው ጨዋታው ከሳሱዎሎ ጋር የቅጣት ምት ገባበት፤ በቅርቡ ቋሚ በኩል፣ በረኛ በሚወቀስበት ቦታ! በሚቀጥለው ጨዋታ ግን ያው ልጅ በር ላይ ነበር። በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። ታሪኩን ግን ግማሹን ብቻ ነግሬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ሚሃይሎቪች ያንን የውድድር ዘመን ሳይጨርስ ተባረረ። ዶናሩማም በዚያው በ2021 ውሉን ጨርሶ ለሚላን ሰባራ ሳንቲም ሳያስገኝ ወደ ፓሪስ ሄደ። ያመነው ሰው ፍሬውን አልበላም፤ ያሳደገው ክለብም አልሸጠውም። ልጅ ማሳደግ እንዲህ ያለ ዕዳም አለበት።

ስለዚህ «ይቆይ» ስል ዝም ብሎ ይቁም ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ የውል ነገር። ልጁ በስንት ዓመት ውል እንደታሰረ ክለቡ ይወቅ፤ አለበለዚያ እኛ በነጥብ ያሳደግነውን ደላላ በስልክ ይወስደዋል። ሁለተኛ፣ ልምድ ያለው በረኛ ይምጣ ከተባለም ይምጣ፤ ግን ከልጁ ጎን ቆሞ ሊያስተምረው ይምጣ። የጋሞ ሸማኔ ልጁን ሥራ ሲያስተምር ክር ተበጠሰ ብሎ ከጉድጓዱ ጎትቶ አያስወጣውም። ክሩን አብሮት ይቀጥላል፤ ድሩ ላይ ግን ዓይኑን አይነቅልም።

ሌላም ነገር አለ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሊጉ ከ2013 ወዲህ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ነው የቆየው። አዞዎቹ በ2014 ወደ ላይ ሲመለሱ ያገኙት ይህንኑ ነው። ልጁ የሚሳሳተው አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላይ፣ ከአባያና ከጫሞ ርቆ፣ አንድም ዘመድ በሌለበት ሜዳ ነው። እኛ ደግሞ ሲቀላ ዲኤስቲቪ ቤት ተኮልኩለን ስህተቱን ሦስቴ አራቴ በዝግታ እያየን እንሳደባለን። ቀድሞ በራሱ ሜዳ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲሰድበው ሌላው «አይዞህ!» ይለው ነበር፤ ልጁም ይሰማው ነበር። አሁን የሚደርሰው ስድቡ ብቻ ነው፤ እሱም በሞባይል። ይህች ከተማ እኮ በመስከረም 2011 የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጣ ወጣት ፊት የተንበረከኩባት ከተማ ናት። ወጣቱም ተመልሷል። ለአንድ በረኛ ማንም ይንበርከክ አላልኩም። ስድቡን ብቻ እንቀንስለት።

የክለቡን ሹማምንት በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የሚያነቡም አይመስለኝም። ግን ቡድን ሲሸነፍ መጀመሪያ ልጁ ይወጣል፣ ቀጥሎ አሰልጣኙ ይባረራል፣ ቦርዱ ግን ንቅንቅ አይልም። ተጫዋች የመለመለው፣ ዝግጅት ያዘገየው፣ ደመወዝ ያቆየው አካል ቢኖር እንኳ ኳስ በእግሩ መሐል ስታልፍ ስለማናይ «ይውጣ» የሚለው የለም። ለወንበር በረኛ ሆኖ መቆም እንዴት ጥሩ ነው! ማንም ጎል አያገባብህም።

ከጋሼ ጋር የዚያን ዕለት አልተስማማንም። ሻዩን የከፈሉት እሳቸው ናቸው፤ «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ ገንዘብ የለህም» ብለው። ሊለዩኝ ሲሉ «ለመሆኑ እሑድ ማን ይገባል አሉ?» አሉኝ።

«ልጁ ነው አሉ» አልኳቸው።

«እንግዲያው እኔ አላይም» ብለው ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ።

እሑድ ዲኤስቲቪ ቤት ስደርስ ሰዉ ሞልቷል። በግድ ተጋፍቼ አንድ ጥግ ያዝኩ። ልጁ የመጀመሪያዋን ከባድ ኳስ በጣቱ ጫፍ ገፍቶ ወደ ማዕዘን ሲያወጣት ከኋላዬ አንድ የማውቀው ድምፅ «አንበሳ!» ብሎ ጮኸ። ዞር ስል ጋሼ ናቸው። አይተውኝ እንዳላዩ ሆኑ።