የሱቅ ሥፍራና የነጋዴው ሒሳብ

በሐረር ጀጎል ውስጥ ሱቅ ካላቸው ነጋዴዎች መካከል የገንዘብ ማነስ ከሚያስጨንቀው ይልቅ የሥፍራ ጥበት የሚያስጨንቀው እንደሚበዛ፣ ወደ ፈረስ መጋላ ወጣ ብሎ የተመለከተ ሁሉ ሊያስተውለው ይችላል። በ16ኛው ምእት ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የታነጸው ግንብ የከበበው መሬት 48 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ መኖሪያው፣ መስጊዱና ገበያው በዚሁ ላይ ተጠጋግተው ሰፍረዋል። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ከመኪና የወረደ ጭነት በአህያ ወይም በሰው ትከሻ ይገባል። ከተማይቱ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባች ወዲህ ደግሞ ሱቅን ለማስፋት የድንጋይ ግድግዳ ማፍረስ በቅርስ ላይ እጅ ማንሣት ነው። እንግዲህ ሥፍራው አይሰፋም፤ የሚለወጠው በሥፍራው ላይ የሚቀመጠው ዕቃ ብቻ ነው።

ይህ የታወቀ ሆኖ ሳለ የብዙ ሱቆች አያያዝ ያሳዝናል። ከሦስት ዓመት በፊት የገባ ካርቶን አቧራ ለብሶ እስከ ጣራ ተደርድሮ ይታያል፤ ትናንት የመጣው ተፈላጊ ሸቀጥ ግን ቦታ አጥቶ በደጃፍ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል። ገበያተኛው የጠየቀው ዕቃ በክምሩ ውስጥ ሲፈለግ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ እርሱም ሳይሰናበት ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል።

የስሕተቱ ሥር ያለው በሒሳብ አያያዝ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ መደርደሪያ ይታሰብ። በላዩ የተቀመጠው ሳህን ሲሸጥ 600 ብር ያተርፋል፤ ነገር ግን ገዢ እስኪያገኝ ሦስት ወር ይፈጃል። በዚያው መደርደሪያ ላይ ሳሙና ቢቀመጥ ትርፉ 150 ብር ብቻ ነው፤ ሆኖም በየሳምንቱ አልቆ በአዲስ ይተካል። ባለሱቁ ስለ ሳህኑ ትርፍ በኩራት ሲናገር ይሰማል። መደርደሪያው ግን አፍ ቢኖረው ኖሮ በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ከሳሙናው 1,800 ብር ያህል ሊያገኝ ይችል እንደነበረ በተናገረ። የአወዳይ ጫት ነጋዴ ይህን ትምህርት ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ሸቀጡ ውሎ ሲያድር የሚጠወልግ በመሆኑ ማከማቸት አይታሰበውም። የጨርቅና የቆርቆሮ ዕቃ ነጋዴ ግን ሸቀጡ ሲጠወልግ ስለማያይ ኪሳራውም አይታየውም።

የቀድሞ ነጋዴዎች ይህን ሒሳብ አልሳቱትም። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት የሐረር ሲራራ ነጋዴ ወደ ዘይላ ሃያ ቀን ገደማ በግመል ይጓዝ ነበር። የግመል ጀርባ ልኩ የታወቀ ስለሆነ ቡናና ቆዳ ብዙ ጭነት ሲፈልጉ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በጥቂት ሥፍራ ብዙ ዋጋ ይይዙ ነበር። በቤት ውስጥም ቢሆን የሐረሪ ቤት ራሱ አስተማሪ ነው። ከፍና ዝቅ ያሉት ነደባዎች ለሰው መቀመጫ፣ በግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉት ማስቀመጫዎች ለዕቃ፣ ግድግዳውም ለስፌትና ለሳህን ተለይተው ሳለ መካከሉ ባዶ ይተዋል። እንዲህ ያለውን ቤት በሥርዓት የምትይዝ እመቤት ባሏ በሱቁ የከመረውን ብታይ ምን ትል ይሆን?

ነገሩ የነጋዴ ልጆች በኮምፒዩተር ከሚጫወቱት ጨዋታ ጋር መመሳሰሉም ያስገርማል። የሩስያ ሰዎች ያዘጋጁትና ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለሙከራ የቀረበው ኢስኬፕ ፍሮም ታርኮቭ በተባለው ጨዋታ፣ ተጫዋቹ ጦርነት ወዳፈረሰው ከተማ ገብቶ ያገኘውን ዕቃ በቦርሳው ይሰበስባል፤ ጊዜው ሳያልቅ በሕይወት ካልወጣ የያዘውን ያጣል። ቦርሳው በትናንሽ አራት ማዕዘን ቤቶች የተከፋፈለ ነው። ጀማሪው ያገኘውን ሁሉ ጭኖ ክብደቱ ሲጎትተው ይያዛል፤ የለመደው ግን ዕቃው ስንት እንደሚያወጣ ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤት ሒሳብ ስንት እንደሚደርስ ያሰላል፤ የተሻለ ሲያገኝም የያዘውን ለመጣል አያመነታም። አባት ከልጁ ቢማር ነውር የለበትም።

«ዋጋ በየዕለቱ ሲጨምር ያስቀመጡት ዕቃ ራሱ ገንዘብ ነው፤ የሸጠ ሰው መልሶ መግዛት ያቅተዋል» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ክርክር ይበልጥ ጆሮ አግኝቷል። ክርክሩን ከንቱ ነው ማለት አይገባም። ሚስማርና ቁልፍ ሳይበላሹ ይቆያሉ፤ ሥፍራም አያጣብቡም። የዱቄት ወተት ግን የተወሰነ ቀን አለው፤ ጣቃ ጨርቅም ቀለሙ ይለቃል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ዐይነቱም ከፋሽን ይወጣል። ዘይትና ስኳር ለነገ ዋጋ ተብለው በጓዳ ሲሸሸጉ ደግሞ ነገሩ ከሥፍራ አያያዝ ወጥቶ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ወደ ከለከለው ሸቀጥ የመደበቅ ተግባር ይገባል።

የሚሻለው በግንቡ ውስጥ የሳምንት ሽያጭ የሚበቃውን ብቻ ማስቀመጥ፣ የቀረውን ከበሮቹ ውጭ በአዲሱ ከተማ ማከማቸት ነው። መጋዘን ብቻውን ለመከራየት ዐቅም የሌለው ነጋዴ ከሚተማመናቸው ሦስት ወይም አራት ጎረቤቶቹ ጋር ተባብሮ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ቁልፍ የሚዘጋ ክፍል ሊይዝ ይችላል። የኪራዩን ውል ናሙና ማዘጋጀት ለንግድ ምክር ቤት ከባድ ሥራ አይደለም።

እስከዚያው ድረስ ከመዝገቡ መጀመር ይቻላል። በበጀት ዓመቱ መጨረሻ፣ ሰኔ 30 ቀን፣ የዕቃው ብዛትና ዋጋ ሲቆጠር የገባበት ቀን የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ይጨመር፤ በካርቶኑም ላይ ቀኑ በጉልህ ይጻፍ። ሁለት ሰኔ ያየ ዕቃ የመስከረም ጭነት ሳይደርስ በተገዛበት ዋጋ፣ ካልሆነም ከዚያ በታች ይሸጥ። ባለሱቁ ልቡ እምቢ ቢለው፣ ጸሐፊው ያ መደርደሪያ በየወሩ ከሱቁ ኪራይ የሚደርስበትን ድርሻ ከዕቃው ስም ጎን ጽፎ ያሳየው።