«እንደ ልጃችን ናት»

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይላሉ አባቶቻችን። የወጣውን ስም ሁሉ ሳይመረምሩ መቀበል ግን ለተማሪ የተገባ አይደለም። ዛሬ በየዶርሙ ውጭ አገር ስለ መሄድ ሲወራ ከሚነሡት ስሞች አንዱ «ኦ ፔር» ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙም «በእኩልነት» ማለት ነው። ወጣቱ ወደ ጀርመን ወይም ወደ ሌላ አገር ሄዶ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ይቀመጣል፤ ልጆች ይጠብቃል፤ ቀላል የቤት ሥራ ያግዛል፤ በምላሹም ምግብ፣ መኝታና የኪስ ገንዘብ ያገኛል፤ ቋንቋም ይማራል።

አሳቡ መልካም ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 በስትራስቡርግ ያወጣው ስምምነት ሥራው በቀን ከ5 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ይላል። ዳሩ ግን ይኸው ስምምነት ኦ ፔር ተማሪም ሠራተኛም አይደለም፤ ከሁለቱም ጠባይ የያዘ ልዩ ክፍል ነው ይላል። እንግዲህ ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ሠራተኛ ካልተባለ ስለ ደመወዙ ማን ይጠይቅለታል?

በአሜሪካ የሆነውን እንመልከት። እዚያ ኦ ፔር በሳምንት እስከ 45 ሰዓት ሊሠራ ይችላል። ክርክር በተነሣበት ጊዜ የሳምንቱ ዝቅተኛ ክፍያ 195 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። ይህም የተገኘው ከፌዴራሉ መንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ ላይ ለምግብና ለመኝታ 40 በመቶ ተቀንሶ ነው። ልጁ ለበላው እራት ሒሳብ የሚቀንስ ወላጅ የት ታይቷል? የቀድሞ ኦ ፔሮች እ.ኤ.አ. በ2014 «አገናኝ ድርጅቶች ተመካክረው ክፍያችንን ዝቅ አድርገው ያዙት» ሲሉ በዴንቨር ከተማ ክስ መሠረቱ። ነገሩ በ2019 በስምምነት ሲያልቅ 15 ድርጅቶች 65.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

ይህን የምጽፈው ፈረንጅን ለመውቀስ አይደለም። ዘዴው ለእኛም ባዳ አይደለምና። ከገጠር የመጣችውን ልጅ «እንደ ልጃችን ናት፤ ማታ እናስተምራታለን» ብለው የሚያስቀምጡ ቤቶች ጥቂት ናቸውን? ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ቁርስ የምታሰናዳ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ ማታ በደብተሯ ላይ የምታንቀላፋ እርሷ ናት። ደመወዝ ሲነሣ ቤተሰብ ትባላለች፤ ማዕድ ሲቀርብ ግን ሠራተኛ ትሆናለች። ከእኛም መካከል በእርሷ እጅ በልቶ ለዩኒቨርሲቲ የበቃ አለ።

ለመሄድ ያሰባችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ አትሂዱ አልልም። ቋንቋ መማርና አገር ማየት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በደንብ ያልገባችሁን ውል አትፈርሙ። የሥራው ሰዓት፣ የዕረፍቱ ቀን፣ የኪስ ገንዘቡና የሕክምና ኢንሹራንሱ በግልጽ ይጻፍ። ፓስፖርታችሁ ከእጃችሁ አይውጣ፤ የሠራችሁበትንም ሰዓት በየዕለቱ መዝግቡ። ቤተሰቡ ደግ ከሆነ ውሉ አይጎዳውም፤ ደግ ካልሆነ ግን ከውሉ ሌላ መከራከሪያ አይኖራችሁም።

የማትሄዱትም ሥራ አላችሁ። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ያቺ «እንደ ልጃችን» የምትባለው ልጅ የዕረፍት ቀኗ መቼ እንደ ሆነ፣ ደመወዟም ስንት እንደ ሆነ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ፣ ስለ እኩልነት መሟገት የሚጀመረው ከገዛ ቤታችን ጓዳ ነው።