የሸክላው በሬ

አንድ የቆቦ ወጣት ጽፎልኛል። አባቱ ካረፉ ወር ሊሆናቸው ነው። ዘመድ ሁሉ «አርባቸው በድግስ ካልወጣ ሰው ምን ይላል?» እያለ ጥማድ በሬውን ሊያሸጠው ነው። «ብሸጥ ለማሽላው በምን አርሳለሁ? ብተው አባቴን የረሳሁ እመስላለሁ» ይላል።

ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ለሟች ማሰብ የጥንት ነው። በአክሱም ትልልቅ ሐውልቶች ላይ በርና መስኮት ተቀርጿል፤ ቦታው የመቃብር ነው።

የቻይኖቹን ደግሞ ስማኝ። ከ3000 ዓመት በፊት፣ በሻንግ ነገሥታት ዘመን፣ ከንጉሡ ጋር ሰውም እንስሳም ተገድሎ ይቀበር ነበር። ከ2000 ዓመት ግድም በፊት፣ በሃን ዘመን ግን፣ ሟች በወዲያኛው ዓለም እንዳይቸገር ጎተራውን፣ ምድጃውን፣ ከብቱን ከሸክላ እየሠሩ መቃብሩ ውስጥ ያስቀምጡለት ጀመር። ልብ አልክ? ሟች እዚያም ይበላል ብለው እያመኑ እንኳ የሸክላውን ለሟች፣ ነፍስ ያለውን ለኗሪ አሉ።

ስለዚህ ፍትሐቱ ይድረስ፤ ለነዳያን የአቅምህን አቅምስ። በሬዎቹን ግን አትንካ! ለዘመዶችህ የንስሐ አባትህ ይንገሩልህ፤ ካንተ አፍ ሲወጣ ንፍገት ይመስላል።

አባትህ የሚረሱት ድግሱ ሲቀር አይደለም፤ ያወረሱህ መሬት ጦም ሲያድር ነው።