«ማን ንካው አለህ?»

ሰሞኑን ዕቃ ገደልኩ። በኪስ የሚያዝ፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ዋይፋይ ነው፤ ማይፋይ የምንለው። ፍላሽ ሳደርገው ሞተ። በሙያው ቋንቋ «ብሪክ ሆነ» ይባላል። ብሪክ ጡብ ነው፤ እውነትም አሁን ከጡብ የሚለየው ቀለል ማለቱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የምሰማው አንድ ቃል ነው፦ «ማን ንካው አለህ?» ቢሮ የምጋራቸው መምህራን፣ የሰፈራችን ሞባይል ጠጋኝ፣ ሌላው ቀርቶ እናቴ። ለእያንዳንዱ መመለስ ስለደከመኝ መልሴን እዚህ ልጻፈው።

ዕቃውን የላከችው ታናሽ እህቴ ናት። ዐረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች፣ ከደመወዟ በየወሩ ከፍላ የጨረሰችው ነው። ኮንትራቱ ሲያልቅ «ጋሼ፣ እማዬ ቤት አድርግላት፣ ፊቷን ልይበት» ብላ በሰው ላከችው። ደብረ ብርሃን ይዤው ሄጄ የእኛን ሲም ሳስገባ አልቀበልም አለ። ሎክ ነው። ከዚያ አገር ካምፓኒ ሲም በስተቀር ሌላ አያውቅም። ልብ በሉ፣ የቀረ ዕዳ የለም። ዕቃው የእህቴ ነው፤ ቁልፉ ግን እስካሁን የእነሱ ነው። ሱቃቸው ድረስ ሄዳ ኮዱን ስትጠይቅ «ለዚህ ሞዴል አንሰጥም» አሏት። በቃ።

ሎኩ ለምን እንዳስፈለገ ካምፓኒዎች የሚሉት ይታወቃል፦ ዕቃውን በቅናሽ ስለምንሰጥ ደንበኛው ሳይከፍል እንዳይሄድብን ነው። እሺ፣ እስኪከፈል ይገባኛል። ከተከፈለ በኋላስ? ካናዳ ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ሎክ የሆነ ስልክ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ብሪታንያ በዲሴምበር 2021 ተከተለች። በሁለቱም አገር ካምፓኒዎቹ ዛሬም ስልክ ይሸጣሉ። (የዕቃን አይኤምኢአይ ቁጥር መቀየር ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ በብዙ አገር ወንጀል ነው፣ እኔም አልነካሁትም።)

ወደ አሟሟቱ ልምጣ፤ ጥፋቴን አልደብቅም። ሰዎች ያሻሻሉት ፈርምዌር አገኘሁ። ፈርምዌር ማለት ዕቃው ውስጥ ተጽፎ የሚቀመጠው፣ ዕቃውን የሚያሠራው ሶፍትዌር ነው። ባትሪውን ሞላሁ፣ በኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኘሁ፣ መብራት እንዳይሄድብኝ እየጸለይኩ ለቀቅኩት። መቶ ፐርሰንት ደረሰ፤ «ተሳክቷል» አለ። ቀጥሎ ጠፍቶ መነሳት ነበረበት። ጠፋ፤ አልተነሳም። ያኔ ነው ባትሪውን አውጥቼ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት በስልክ መብራት ያነበብኩት። ከሞዴሉ ስም ቀጥሎ አንዲት ፊደል አለች። እኔ የጫንኩት ፋይል ፊደሏ ለሌለችበት ነው። በአንድ ስም፣ በአንድ ቅርጽ፣ ውስጣቸው የተለያየ ሁለት ዕቃ ይሸጣሉ ማለት ነው። ቢሆንም ፊደሏን አለማየቴ የራሴ ስንፍና ነው። ባካፕ አለመያዜም የራሴ ነው። ስንት ዓመት «መጀመሪያ ባካፕ!» እያልኩ የጮህኩባችሁ ተማሪዎቼ፣ ሳቁ፤ መብታችሁ ነው።

ግን ስሙ። ዕቃው ጨርሶ አልሞተም። ከላፕቶፕ ጋር ሲገናኝ 9008 የሚል ፖርት ይመጣል። ቺፑ ላይ ከፋብሪካ የተቀረጸች፣ ፍላሽ በማድረግ የማትጠፋ ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ እሷ ናት ነቅታ «ሎደር ፋይል ስጡኝ፣ እነሳለሁ» የምትለው። ፋይሉ አምራቹ ጋ አለ። ቺፑ ደግሞ የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የሌለበትን ፋይል አይቀበልም፤ አምራቹም ለእንደኔ ዓይነቱ አይሰጥም። ታዲያ ጡብ ያደረገው ማነው? የጣልኩት እኔ ነኝ፣ እሺ። እንዳይነሳ ረግጦ የያዘው ግን እኔ አይደለሁም።

«ማን ንካው አለህ» ባዮች የነካኪዎችን ውለታ ረስተውታል። በ2003 ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ የሚባል ራውተር ይሸጥ ነበር። የነካኩት ሰዎች ውስጡ ሊኑክስ እንዳለ ደረሱበት። የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ ሶፍትዌሩን የሚያከፋፍል ሁሉ ሶርስ ኮዱንም እንዲሰጥ ያስገድዳል። ግፊቱ ሲበረታ ካምፓኒው ኮዱን ለቀቀው። ከዚያ ኮድ ተነስቶ በ2004 ኦፕን ደብሊውአርቲ ተጀመረ፤ ስሙ ራሱ ከዚያ ራውተር የመጣ ነው። ዛሬ አምራቾቻቸው ማደስ ያቆሙላቸው ስንትና ስንት ራውተሮች የሚሠሩት በእሱ ነው። መጀመሪያ ክዳኑን የከፈተውን ሰው ማንም «ንካ» አላለውም።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። በ2006 ዓ.ም የላብ ኃላፊ ሳለሁ በሩ ላይ «ያለ ፈቃድ መነካካት ክልክል ነው» የሚለውን ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ 14 ቁጥር ማሽን ላይ ሊኑክስ ልጭን ብሎ ሃርድ ዲስኩ ላይ የነበረውን ሁሉ አጠፋው። ክፍል ሙሉ ሰው ፊት ያልኩትን ገምቱ። «ማን ንካው አለህ?» አንድ ወር ላብ እንዳይገባም ከለከልኩት። ማሽኑን በማግሥቱ ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ አስተካከልነው። ልጁ ግን ተመልሶ ሲመጣ ከሰው ኋላ ቆሞ የሚያይ ሆነ፤ ተራው ሲደርስ ለጓደኛው ይለቅ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ። ዓመቱ ሳያልቅ ዲፓርትመንት ቀየረ። ያንን ወረቀት በየቀኑ እያነበባችሁ የገባችሁ ብዙዎቻችሁ እዚህ አላችሁ፤ ወረቀቱ ስህተት ነበር። በእሱ ፋንታ ባካፕ እንዴት እንደሚያዝ ልለጥፍ ይገባኝ ነበር፤ ለራሴም በጠቀመኝ።

ትናንት እህቴ ደወለች። ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ጋሼ፣ ሌላ ልላክ?» አለችኝ። አትላኪ አልኳት። በዚያ ደመወዝ ሌላ ሎክ የሆነ ዕቃ!

አንተ የ14 ቁጥሩ ልጅ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ ስልኬ አልተቀየረም፤ ደውልልኝ። ዕቃው ጠረጴዛዬ ላይ 9008 እንዳለ ነው። ለዚህ ሞዴል የተፈረመ ሎደር ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የሞዴሉን ስም ከነፊደሏ እልክላችኋለሁ።